የቅርብ ጠበል፣ የሩቅ ታቦት

«የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ብሎ የተረተው ሰው የሐይቅ ልጅ ሳይሆን አይቀርም። እዚህ ከተማ ተወልደን ላደግነው ሰዎች የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም «እዚያ ጋ» ነው። እዚያ ጋ ያለ ነገር ደግሞ አያመልጥም፤ ነገም ይደረስበታል፣ ከነገ ወዲያም። ስለዚህ የሐይቅ ሰው መሳለም ሲያምረው ስንቁን ቋጥሮ፣ አምባሰልን አቋርጦ ግሸን ማርያም ይወጣል። የግሸን ግርጌ ሰው ላሊበላ ይሄዳል። የላሊበላ ሰው፣ ቤተ መቅደሱ ሁሉ ደጃፉ ላይ ከአለት ተፈልፍሎለት፣ «ኢየሩሳሌምን ሳላይማ አልሞትም» ይላል። ኢየሩሳሌም፣ ከቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ባለው ዴር ሡልጣን ገዳም ያሉት አባቶቻችን በበኩላቸው፣ ከግብጾቹ ጋር በገዳሙ ቁልፍ ነገር ከመከራከር ፋታ ባገኙ ቁጥር፣ «አገሬ ገብቼ ግሸንን አንዴ በተሳለምኩ» ብለው ቢናፍቁ አልፈርድባቸውም።

ለዚህ ነገር የራሴ ትንታኔ አለኝ። የሰፈር ታቦት ፋይላችንን ያውቀዋል። ሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ «ከክፉ ነገር ጠብቀኝ» ስል፣ ክፉው ነገር የትኛው ግሮሰሪ እንደሚቀመጥና ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሚገኝ የማያውቅ ሰው በአጠገቤ የለም። የንስሐ አባቴ ቤት ከቤቴ በጥቂት አጥር ነው የሚርቀው። ከባለቤቴ ጋር ስንጨቃጨቅ ድምፃችን ይደርሳቸዋል፤ ቀድሞ የሰሙትን ምን ብዬ እናዘዝላቸዋለሁ? የግሸኗ ማርያም ደጅ የምቆመው ግን ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ፣ ፀጉሬን ተስተካክዬ፣ ከሳምንት በፊት ጀምሮም ከሰው ጋር መጣላት አቁሜ ነው። እሷ አታውቅም አልልም፤ ምን ይሳናታል! ሆኖም እዚያ እንግዳ ነኝ፤ እንግዳ ደግሞ እስኪቀመጥ ድረስ «ያ ነገር እንዴት ሆነ?» ተብሎ አይጠየቅም።

የመሳለም አመል ከሌለበት ሰው ጋር መግባባት ይከብዳል። ለእሱ ሰው የሚጓዘው ጉዳይ ሲኖረው ነው፤ አመሉ ለያዘን ግን ጉዳዩ መጓዙ ነው። ምልክታችን የታወቀ ነው። ቀን የምንቆጥረው በደመወዝ አይደለም፤ መስከረም 21 ግሸን፣ ኅዳር 21 አክሱም፣ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ፣ ታኅሣሥ 29 ላሊበላ እያልን ነው። አዲስ አበባ ስንሄድ ሌላው ሰው የሱቅ መስኮት ሲያይ እኛ የቤተ ክርስቲያን አጥር ላይ የተሰቀለ ባነር እናነባለን፤ «ታላቅ መንፈሳዊ ጉዞ፣ መነሻ ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ ቁርስና ምሳን ጨምሮ»። ሌሊት 10 ሰዓት የተባለው አውቶቡስ ነግቶ፣ ፀሐይ ወጥቶ፣ የቀረች አንዲት እናት ተጠብቃ እንደሚነሣ ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን ሁላችንም 9 ተኩል ላይ እንገኛለን። «ቁርስና ምሳን ጨምሮ» የሚለውንም ሁላችንም ደግመን እናነበዋለን፤ ሲጠይቁን ግን አላየነውም።

ወደ ቅርቡ ጠበል የሚመልሰን እንግዳ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ «እስጢፋኖስን አሳየኝ» ሲል፣ አለማየቴን ላለማሳየት ብዬ ጀመርኩና በዚያው አስጎብኚ ሆኜ ቀረሁ። ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ ሐይቅ ከተማ ስትደርሱ ውኃው ከወዲያ ይታያል። ገዳሙ ያለበት ቦታ ድሮ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዞ በእግር ይገባል። እንግዳዬ «ታንኳ የለም እንዴ?» ብሎ ቅር ይለዋል። ሰው ከሩቅ ሲመጣ ትንሽ መቸገር ይፈልጋል፤ በእግር የሚገባ ገዳም ገንዘቡን ያላወጣለት ይመስለዋል።

ከዚያ ትረካዬን እጀምራለሁ። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ የዳህና ሰው ናቸው፤ ደብረ ዳሞ መንኩሰው፣ በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ፣ እንደ ፈረንጅ በ1248 ግድም፣ እዚህ መጥተው ገዳሙን አቀኑ። ቤተ ክርስቲያኑ ግን ከእሳቸው በብዙ እንደሚቀድም አባቶች ይናገራሉ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሸዋን ጥለው መጥተው እዚህ ነው የተማሩት። ይኩኖ አምላክም ዘውድ ከመጫኑ በፊት የዚሁ ቤት ተማሪ ነበር ይባላል። ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ የሐይቅ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» ተብሎ ከንጉሡ አጠገብ የተቀመጠው፤ ማን መቼ ንጉሡ ፊት እንደሚቀርብ የሚያውቅ ትልቅ ሰው ነበር። ማዕረጉ ከከተማችን ከወጣ በኋላ ሰዓት የሚያከብር ሚኒባስ እንዳላየን ለእንግዳዬ ሳልነግረው አላልፍም።

ዕቃ ቤቱን የሚያስጎበኙት አባት መክፈቻቸውን ከቀሚሳቸው ውስጥ በገመድ ያወጡታል። ገመዱ ላይ ብዙ መክፈቻ አለ፤ በሩን የሚከፍተው ሁልጊዜ የመጨረሻው ነው። ውስጡ ጨለም ይላል። አንድ ዲያቆን የስልኩን መብራት ያበራል፤ አባ «ፎቶ አይቻልም» ይላሉ፤ ዲያቆኑ ስልኩን ያጠፋዋል፤ ያኔ ሁላችንም ጨለማ ውስጥ ቆመን «መብራቱንማ አብራው እንጂ ልጄ!» እስኪሉት እንጠብቃለን። ይህ ሥርዓት ሳይጓደል ይፈጸማል። የዚህ ገዳም ትልቁ ቅርስ ኢየሱስ ሞዐ እንደ ፈረንጅ በ1280 ወይም 81 ያበረከቱት አራቱ ወንጌል ነው፤ የራሳቸው የጻድቁ ሥዕል ሳይቀር አለበት። በዚያ ዘመን የገዳሙ መጻሕፍት አንድ በአንድ ተቆጥረው በዝርዝር ተመዝግበዋል። ሰባት መቶ ዓመት ያለፈው የመጻሕፍት መዝገብ እንዳለ ነው፤ እኔ አምና አካፋዬን ለማን እንዳዋስኩ አላውቅም።

ይሄን ሁሉ የምተርከው ለወንድ እንግዳ ነው። ወደ እስጢፋኖስ ሴት አትገባም። ባለቤቴ ከደጅ ትቀራለች፤ ስትቀር ግን ዝም ብላ አይደለም። የሐይቁን አፈ ታሪክ ከእኔ የበለጠ ታውቀዋለች። ድሮ ይህ ቦታ ሁሉ ደረቅ መሬት ነበር፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበድላ ወደ ፈጣሪ ብታለቅስ ምድሩ ሁሉ ውኃ ሆነ፤ የተረፈው እሷ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ነው። ገዳሙ ያለው እዚያች መሬት ላይ ነው።

«እንግዲህ አስበው» ትለኛለች፣ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «ውኃው የመጣው ለሴት ተብሎ። ደረቁ የተተወው ለሴት ተብሎ። አሁን ሴቷ ውጪ ቆማ፣ አንተ ትገባለህ። አንተ ምን ተበድለህ?»

መልስ ስላጣሁለት አንድ ቀን ነገሩን ለአንድ አረጋዊ መነኩሴ አቀረብኩት። አባ ትንሽ ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ እኛ የሸሸነው እሷን መስሎሃል? ራሳችንን ነው» አሉኝ። ትልቅ ነገር ይዤ እንደወጣሁ ተሰምቶኝ ለባለቤቴ ቃል በቃል ነገርኳት። «ከራሳቸው ከሆነ የተጣሉት፣ እኔ በሰው ጠብ ምን ጥልቅ አደረገኝ?» ብላ ዘጋችው።

ባይሆን መልእክት ትልካለች። ወደ ገዳሙ በገባሁ ቁጥር የሰፈሩ ሴቶች መልእክተኛ እኔ ነኝ። የአንዷ ጧፍ፣ የአንዷ ዕጣን፣ የሌላዋ በመሐረብ የተቋጠረ ብር፣ ከሁሉም ጋር ደግሞ «እንዲህ ብለህ ንገርልኝ» የሚል ቃል አለ። ቃሉ ስለሚበዛብኝ በወረቀት ጽፌ እገባለሁ። ሌላው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ እኔ መነጽሬን አድርጌ አነባለሁ፤ «ይህ የኔ ነው፤ ከዚህ ቀጥሎ ያለው የባለቤቴ ነው» እያልኩ። የባለቤቴ ዝርዝር የታወቀ ነው፤ የልጃችን ፈተና፣ የእህቷ ወገብ፣ እና «የቤቱ ጉዳይ»። ሦስቱንም ሳላጓድል አደርስ ነበር። «የቤቱ ጉዳይ» የተባልኩት እኔ መሆኔን የነገረችኝ እህቷ ናት፤ ወገቧ ከተሻላት በኋላ።

ከገዳሙ ሲወጣ ምሳ አለ። ይህን መደበቅ አይቻልም፤ የሐይቅ ዓሣ ጥብስ ሽታው ውኃው ዳር ድረስ ወጥቶ ነው የሚቀበላችሁ። ችግሩ ቀኑ ዓርብ ወይም ረቡዕ ከሆነ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም የሚለው ክርክር በአገራችን ገና ዳኛ አላገኘም። ከአዲስ አበባ የመጣው እንግዳዬ «ለካቶሊኮች እኮ ዓርብ የሥጋ እንጂ የዓሣ ጾም አይደለም» ብሎ ጀመረ። «አንተ መቼ ካቶሊክ ሆንክ?» አልኩት። ዓሣ የሚያቀርበው ወጣት ጣልቃ ገብቶ፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዕድሜውን ሙሉ ውኃ ብቻ ሲጠጣ የኖረ ነው፤ ከናንተ በላይ ጾሟል» አለ። እንግዳዬ ስልክ አውጥቶ ለአንድ የሚያውቀው መምህር ደወለ። ስልኩ አልተነሣም። አለመነሣቱን እንደ ፈቃድ ቆጥሮት በላ። እኔ በሽሮ ታዘብኩት።

ደግነቱ ሆድና መሳለም አብረው መንገድ መውጣታቸው የኛ ብቻ አይደለም። ሮም ውስጥ በ16ኛው መቶ ዘመን ፊሊጶ ኔሪ የሚባል ካህን ነበር፤ ኋላ ቅዱስ ተብሏል። ሰውን ሰብስቦ የሮምን ሰባት ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት በእግር ማሳለም አስለመደ። ቅዱስ ጴጥሮስ፣ ቅዱስ ጳውሎስ፣ ላተራን እያሉ ሲዞሩ ውለው፣ መሐል ላይ አንድ የአትክልት ቦታ ያርፋሉ፤ ዳቦ፣ አይብ፣ እንቁላል፣ ወይንም ይቀርባል፤ መዝሙርም በሙዚቃ መሣሪያ ይሰማል። ያም ሆኖ ሰዎቹ ተሳላሚ ተባሉ እንጂ ሽርሽር ወጡ አልተባሉም። ባነሩ ላይ «ምሳን ጨምሮ» የሚለውን የጻፈው ኔሪ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ስለ ሮም የምሰማው እዚያ ከምትኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። በሥራ ዕረፍቷ የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናትን መሳለም ልማድ አድርጋዋለች፤ አመሉ በደም ይተላለፍ ይሆናል። መጀመሪያ ሰሞን ከባሲሊካው ደጅ ጫማዋን አውልቃ ስትገባ ጥበቃው ደንግጦ ተከተላት። «ጫማዬን ተጫምቼ መቅደስ ልቁም እንዴ?» ትላለች እስካሁን። ከሁሉም የገረማት ግን የሥዕሎቹ መብራት ነው። በጥንታውያኑ ቤተ ክርስቲያኖች የታላላቅ ሰዓሊዎች ሥዕል ጨለማ ውስጥ ይቆምና፣ ሳንቲም ጣል ሲያደርጉበት መብራቱ ቦግ ይላል፤ ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል፤ ሌላ ሳንቲም። «ስለት ነው ብዬ ነበር» አለችኝ፣ «ለካ ካርድ መሙላት ነው!» የኛ ዲያቆን በስልኩ በነጻ እንደሚያበራ ነገርኳት።

እስጢፋኖስም ሮም ቤት አለው። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ፣ ዛሬ ቫቲካን ግቢ ውስጥ፣ በ15ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስጦስ አራተኛ ለሐበሻ ተሳላሚዎች የሰጡት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከነማደሪያው። በእግርና በመርከብ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያም ሮም የሚደርሱ መነኮሳት እዚያ ያርፉ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ፣ አባ ተስፋ ጽዮን፣ እንደ ፈረንጅ በ1548 እና 49 የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን እዚያው ሮም በማተሚያ ቤት አሳትመዋል። እኔን የበለጠ የሚያኮሩኝ ግን አባ ጎርጎርዮስ ናቸው፤ የመካነ ሥላሴ ሰው፣ በዛሬው አጠራር የደቡብ ወሎ ልጅ። በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ጀርመናዊ ወጣት ቋንቋ ፈልጎ ወደዚያ ማደሪያ መጣና አገኛቸው። ወሎዬ ወሬ ከጀመረ መቼም አያቆምም። ሉዶልፍ በ1652 ጀርመን ድረስ፣ ጎታ ወደሚባል ከተማ አስጠርቷቸው ወሬው ቀጠለ። በመጨረሻ ከዚያ ወሬ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ወጥቶ በ1698 ታተመ። አባ ራሳቸው ሳያዩት ነው ያረፉት፤ በ1658 ወደ አገር ሲመለሱ የተሳፈሩባት መርከብ ተሰብራ። ስለዚህ ሰዎች «ለመሳለም ሄደህ ስታወራ ዋልክ» ሲሉኝ መልስ አለኝ።

አሁን ወደ አምባሰል እንውጣ።

ለግሸን ጉዞ ከቤት ስወጣ መጀመሪያ የሚሸኙኝ የአጥር ጎረቤታችን ሐጂ ናቸው። መካ ደርሰው የመጡ ሰው ናቸው። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ስንቄን ያያሉ፤ በሶ፣ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጋቢ። «ዘንድሮም?» ይሉኛል።

«ዘንድሮም፣ ሐጂ።»

«እኛ አቅሙ ላለው በዕድሜ አንዴ ነው የታዘዘው። እናንተ በየዓመቱ የምትመላለሱት ምን ያህል ብትበድሉ ነው?»

ቀጥለው ደግሞ ኪሳቸው ገብተው፣ «በል ዕጣን ግዛልኝ። መርየምን ሰላም በልልኝ፤ እኛም ዘንድ ሱራ አላት» ይሉና እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጉልኛል። በሁለቱም በኩል ተመርቄ ነው የምሄደው፤ አንዱ ቢዘገይ አንዱ ይደርሳል።

ከዱዓው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «መንገዱ ሰላም ነው?» የሚል ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በዚህ መንገድ ካለፈ ወዲህ ስንቅ የሚቋጠረው ይህ ከተጠየቀ በኋላ ሆኗል። ቀጥሎ የታሪፉ ጉዳይ አለ። ስንነሣ የተስማማንበት ዋጋ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀየራል፤ «ተነጋግረን ነበር እኮ!» ብንል ረዳቱ «እሱ እስከ እዚህ ነበር» ይላል። ብዙ አልከራከርም። ያለነው አምባሰል ነው፤ ከ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ጀምሮ በዚህ ወረዳ የተፈረመ ነገር እንዴት እንዳለቀ አይተናል።

ግሸን ከሩቅ ስትታይ አምባ ናት፤ ዙሪያዋ ገደል፣ መግቢያዋ አንድ በር፣ አናቷ የመስቀል ቅርጽ። ግማደ መስቀሉ በዐፄ ዳዊት ዘመን ተልኮ፣ በልጃቸው በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን መስቀለኛ ቦታ ሲፈለግለት ቆይቶ እዚህ እንዳረፈ አባቶች ይተርካሉ፤ የነገሩም ታሪክ መጽሐፈ ጤፉት ላይ ሰፍሯል። ከዘርዓ ያዕቆብ በፊትና በኋላ ግን አምባዋ ሌላም ሥራ ነበራት። ወንዶቹ የነጋሢ ልጆች ለዙፋን እንዳይጣሉ እዚህ ላይ ወጥተው ይጠበቁ ነበር፤ ንጉሥ ሲሞት አንዱ ተመርጦ ይወርዳል፣ የቀሩት ይቀራሉ። ዘርዓ ያዕቆብ ራሱ እንደ ፈረንጅ በ1434 ከዚህ ወርዶ ነው የነገሠው። ወሬው ፈረንጅ አገር ሲደርስ ጣፋጭ ሆነ። ሚልተን በ1667 ባሳተመው ግጥም የአማራን ተራራ ከገነት ጋር አወዳደረው። ሳሙኤል ጆንሰን በወጣትነቱ የኢየሱሳዊውን የሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ተርጉሞ ነበርና፣ በ1759 ስለ አንድ ታጥሮ ስለሚኖር የሐበሻ ልዑል «ራስላስ»ን ጻፈ፤ ሲራክ ኅሩይ ደግሞ ለእኛ በአማርኛ መለሱልን። ከሁለቱ ፈረንጆች አንዱም ይህችን ዳገት አልወጣም። ወጥተው ቢሆን ገነት የሚለውን ቃል ከመጻፋቸው በፊት ውኃ ይጠይቁ ነበር።

ዳገቱን የሚለካው ኪሎ ሜትር ሳይሆን «ደርሰሃል» ነው። ከላይ የሚወርድ ሰው ሁሉ «አይዞህ፣ ደርሰሃል» ይላል። የመጀመሪያውን «ደርሰሃል» ስሰማ ከመኪና ከወረድኩ ብዙም አልቆየሁም። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው አድርሶኛል። አንዲት በመቋሚያ የሚሄዱ እናት፣ በባዶ እግራቸው፣ በወገባቸው የታሰረ ጀሪካን ይዘው አለፉኝ፤ ትንሽ ቆይተው ዞር አሉና፣ «ልጄ፣ ቁጭ ብለህ ውጣ እንጂ፤ ማርያም አትቸኩልም» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ስነሣ እሳቸው አልነበሩም። የእግዚአብሔር አብ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስደርስ ተሳልመው፣ በሶ በጥብጠው፣ አረፍ ብለው ነበር። «ደረስክ?» አሉኝ፤ ኩባያውንም አቀበሉኝ።

ግሸንን የተሳለመ ኢየሩሳሌምን እንደተሳለመ ይቆጠርለታል ይባላል። የአውሮፕላን ዋጋ ለሚያውቅ ይህ ትልቅ ቃል ኪዳን ነው። መስከረም 20 ማታ አምባው ላይ መሬት አይታይም፤ የሚታየው ነጠላ ነው። ብርዱ የሚነክስ ነው፤ ተኝቶ የሚዞር ሰው ሦስት ሰው ይዞ ይዞራል። ከጎኔ የተኛው ሰው ሌሊቱን ሙሉ ያንኮራፋል፤ ማህሌቱ ከፍ ሲል ከፍ ይላል፣ ዝቅ ሲል ዝቅ። ሲነጋ ዓይኑን አሸት አሸት አድርጎ «ማህሌቱ እንዴት ደስ ይል ነበር!» አለኝ። «ለማርያም ምን ነገርካት?» ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። በእውነቱ በዚያ ግፊያ መሐል የተዘጋጀሁበት ጸሎት ሁሉ ይጠፋኛል። ወረቀቴን አወጣለሁ፤ የሌሎቹን አነባለሁ፤ የሐጂን ሰላምታ አደርሳለሁ፤ የራሴ ተራ ሲደርስ ከኋላ የሚገፋው ሰው በሩን አሳልፎኛል። ሳስበው ግን እዚያ ድረስ ወጥቼ ስለራሴ ሳልናገር የምመለሰው በዓመቱ ውስጥ ያን ቀን ብቻ ነው።

መልስ ላይ ሁሉም ነገር ይቀላል፤ ሾፌሩም ጭምር። ሲወጣ መዝሙር ብቻ የከፈተው ሰው፣ ቁልቁለቱ ሲያልቅ እጁ ወደ ሬዲዮው ይሄድና አምባሰል ይለቃል። ማንም ምንም አይልም። ስሙ በራሱ ቅኝት ተብሎ ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺሆዬ ጋር የሚቆጠር አገር ውስጥ እየሄዱ አጥፋው ማለት በሰው ቤት ተቀምጦ ባለቤቱን ዝም በል እንደማለት ነው። የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ወጣቶች ትከሻቸው ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ መንገዱ ነው ይላሉ።

በዚህ መሐል ነው እኒያ ባለ ጀሪካን እናት ከረዳቱ ጋር የተያያዙት። ጀሪካኑ አሁን በጠበል ሞልቷል።

«እናቴ፣ የዚህን የጭነት ይከፍላሉ።»

«የምኑን?»

«የጀሪካኑን። ሃያ ሊትር ነው።»

«ጠበል ነው እኮ!»

«ቢሆንም ይመዝናላ፣ እናቴ!»

እሳቸውም መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ መታ አድርገው፣ «ይችን ጎማዋ የተላጠ መኪናህን ያን ዳገት አውጥቶ ያወረዳት ሞተሩ መስሎህ ነው?» አሉት። መኪናው በሙሉ ሳቀ፤ ሾፌሩ ሳይቀር፤ ከዚያ ግን ሁሉም ስለ ጎማው ማሰብ ጀመረና ሳቁ ቶሎ አለቀ። ረዳቱ ጀሪካኑን ከእግራቸው ሥር ወስዶ በደህና ቦታ አስደገፈው። ሐይቅ ልንደርስ ስንል ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው፣ ሁላችንም እየሰማነው፣ «እናቴ፣ ለትከሻ ሕመም ይሆናል?» አላቸው።

«ለትከሻም ይሆናል፤ ለታሪፍም ይሆናል» አሉና ኩባያ እንዲያመጣ ላኩት።